ኮምቦልቻ ልክሰስ ወይስ ደሴ? ባለዕዳዬ ባቲም ሚሌም ነው የሚባለው

ቦርከና ዳር

ሰላም ጎበዝ። ላሳጥረው ብዬ ነበር፤ ግን ካላብራራሁት መልስም የማገኝ አልመሰለኝም።

ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር። አንድ ሥራ ተቋራጭ ደንበኛዬ ነበር። ውሸት አልናገርም፣ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሁለት ጊዜ በዱቤ ወስዶ ሁለቱንም ጊዜ ከፍሏል። በሦስተኛው ግን ፌሮውን በሁለት ሲኖትራክ አስጭኖ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር "ሰኞ" ነው መልሱ። ሰኞ በየሳምንቱ እንደሚመጣ የረሳ ይመስለኛል። ያለበት 640,000 ብር ነው።

ደግነቱ ወረቀት አለኝ። በ2014 ከተማው ሲዘረፍ የዱቤ ደብተሬ ከነሣጥኑ ከጠፋ ወዲህ ያለ ፊርማ አንዲት ሚስማር ከሱቄ አላወጣም። ውሉ የተጻፈው እዚሁ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ምስክር ፈርሞበታል። ክፍያውም ኮምቦልቻ እንደሚፈጸም ተጽፏል።

ጭንቀቴ የት ልክሰሰው የሚለው ነው። አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሰው "ብሩ በዝቷል፣ ለሁለት ከፍለን ሁለት ክስ እንጻፍ፣ ሁለቱም እዚሁ ወረዳ ያልቃል" አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ "ምን ለሁለት ያስከፍላል፣ በአዲሱ አዋጅ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ አሥር ሚሊዮን ያያል" ይለኛል። የሱቅ ጎረቤቴ "ሰውየው እኮ ሥራው ሚሌ ነው፣ የአፋር ሰው ሆኗል፣ ሰመራ ወርደሽ ነው የምትከሺው" ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ "ሁለታችሁም ሙስሊም ናችሁ፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሰጂው፣ ቶሎ ያልቃል" አለ።

ሱቁን የምይዘው ብቻዬን ነው። አንድ ቀን ደሴ ውጬ ልምጣ ካልኩ የዚያ ቀን ገበያ ቀረ ማለት ነው። ተሳስቼ ከፍቼ የደሴን ዳገት ሐረጎን ስወጣ ስወርድ ዓመት እንዳያልፍብኝ ነው የምፈራው። የሚያውቅ ካለ ወላሂ አጅር ነው።

የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ

አብሽሪ ልጄ። ሳትከፍቺ መጠየቅሽ ብልህነት ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ከከፈተ በኋላ ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። መዝገብ ቤት 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የቱ ፍርድ ቤት እንደሆነ ይቅር። ስንት ክስ በየትኛው መስኮት ገብቶ በየትኛው መስኮት እንደተመለሰ ግን አይቻለሁ። ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚናገረው ብሩን ነው፣ "ይሄን ያህል ሺህ ተበድዬ" ብሎ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሁልጊዜ "ማንን ነው የምትከሰው? እሱ የት ነው የሚኖረው? አንተስ?" የሚለውን ነበር። ይቆጡኛል። "ብሬን ልቀበል እንጂ ልድረው ነው እንዴ የሚኖርበትን የምትጠይቀኝ?" ያለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝቡ ፍርድ ቤቶችን እንደ ደረጃ ነው የሚያያቸው፦ ወረዳ ትንሽ፣ የዞን ከፍተኛ ትልቅ፣ ጠቅላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ይሄ ግማሹ ነው። በ1987 ሕገ መንግሥት ከመጣ ወዲህ ሁለት መሰላል ነው የቆመው። አንዱ የክልል፣ አንዱ የፌዴራል። ሁለቱም የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ እና ጠቅላይ አላቸው፤ በእኛ ክልል የመጀመሪያ ደረጃውን ወረዳ ፍርድ ቤት እንለዋለን። ጉዳይሽ የየትኛው መሰላል እንደሆነ ሳታውቂ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደምትቆሚ ማወቅ አትችዪም። ስለዚህ መጀመሪያ ማን፣ ቀጥሎ ስንት፣ መጨረሻ የት። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ይመለሳል።

ማን ያልኩት ለዚህ ነው። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ተከራካሪ ከሆነ፣ የውጭ አገር ሰው ካለበት፣ ወይም ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ክልል በቋሚነት የሚኖሩ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። ብሩ አምስት መቶም ይሁን አምስት መቶ ሺህ። እንግዲህ ጎረቤትሽ ያለችው አንድ ሩብ እውነት አለው፤ ሰውየው በቋሚነት ሚሌ የሚኖር ከሆነ ሚሌ አፋር ክልል ነው፣ አንቺ አማራ ክልል ነሽ፣ ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤትን አይመለከትም። ግን ሰመራ ውረጂ ማለት አይደለም!

ደሴ ላይ ደግሞ የፌዴራል የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ፍርድ ቤት ፈልጎ ሲንከራተት የዋለ ሰው አውቃለሁ። ከፒያሳ እስከ ሆጤ ጠይቆ ጠይቆ ማታ እኔ ጋ ደረሰ። ቢፈልግ አያገኝም። በ1995 በወጣ አዋጅ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተቋቋመላቸው አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ እና የያኔው ደቡብ ክልል ናቸው። በእኛ ክልል ሥራው በውክልና ነው የሚሠራው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ፣ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ደርቦ ይይዛል፤ የክልሉ ጠቅላይ ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ። ስለዚህ ያ ዳኛ ጠዋት የክልል ጉዳይ አይቶ ከምሳ በኋላ በዚያው ወንበር የፌዴራል ጉዳይ ሊያይ ይችላል። ወንበሩ አንድ፣ ባርኔጣው ሁለት።

ወንድምሽ ያለው አሥር ሚሊዮን የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። አዋጅ 1234/2013 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያያል ይላል። ግን የፌዴራል ነው! እሱ ያለበት አዲስ አበባ ነው፣ በእሱ ከተማ እውነት ነው። የእኛን ወረዳ ፍርድ ቤት ጣሪያ የሚወስነው የራሳችን ክልል አዋጅ ነው። ያንን ቁጥር ከፌስቡክ አትውሰጂ፤ አዋጁ በተሻሻለ ቁጥር ይነሳል፣ አሮጌው ደግሞ ስልክ ላይ እንደተለጠፈ ይኖራል። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ጠይቂ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። የአሥር ሚሊዮኑ ነገር ለአንቺ የሚጠቅምሽ ሰውየው እውነትም የሚሌ ነዋሪ ከሆነ ነው። ያኔ 640,000 ከአሥር ሚሊዮን በታች ስለሆነ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳይ ይሆናል፣ በውክልና ደግሞ ደሴ ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል። ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጃንጥላው ሰው ልምጣ። እሱን ሳነብ ነው የተናደድኩት።

አንድ ዕዳ ለሁለት አይከፈልም ልጄ። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንድ ነገር የመነጨ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ክስ ይጠቃለል ይላል። አንድ የአራዳ ጨርቅ ነጋዴ ይህንኑ አድርጎ አይቻለሁ። አንድ ውል ነው፣ አንድ ዕዳ ነው፣ በግማሹ ከፈተ፣ ፈረደለት፣ ደስ አለው፣ ስኳር የተቋጠረ ፕላስቲክ ይዞልን መጣ። (አልተቀበልንም፤ ሻዩን ግን ጠጥተናል።) በሌላው ግማሽ ሲከፍት ተከሳሹ "ይሄ እኮ ያኔ መጠየቅ የነበረበት ነው" ብሎ ተቃወመ፣ ሁለተኛው መዝገብ ተዘጋ። ግማሽ ብሩ ከስኳሩ ጋር ቀለጠ። ሕጉ የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነው። በወረዳው ጣሪያ ሥር ለመግባት ብለሽ ከብሩ ላይ የተወሰነውን ልትተዪ ትችያለሽ፤ የተውሽውን ግን ኋላ መጠየቅ አይቻልም። ከመሬት ተነስቶ የራስን ብር መተው የጃንጥላ ምክር ነው።

የዘመዳችሁ ምክርም አይሆንም። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ወቅፍ፣ ስጦታና ኑዛዜ የመሳሰለውን ነው፤ ያም ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲቀርቡ ነው። የፌሮ ዕዳ እዚያ ቦታ የለውም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን ይህን መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ አልፈርድበትም። አባቱ የሞተበት ሰው ሸሪዓ ወራሽነቱን ሲያረጋግጥለት አይቶ ሁሉም ነገር በዚያ የሚያልቅ ይመስለዋል።

ቀረ የት። ይሄኛው ለአንቺ ቀላል ነው። መነሻው ተከሳሽ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ መክሰስ ነው። ውል ከሆነ ግን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ይቻላል። የአንቺ ውል የተፈረመውም የሚከፈለውም ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው ባቲም ይሁን ሚሌ ቦታው አያስቸግርሽም። ቤትና መሬት ቢሆን ነበር ሌላ። ሁለት ደሴ የሚኖሩ ወንድማማቾች ኮምቦልቻ ባለ የአባታቸው ቤት ተጣልተው፣ ታላቅየው "ሁለታችንም ደሴ ነን፣ ምን ኮምቦልቻ ያስወርደናል" ብሎ እዚህ ሊከፍት ሲል፣ ንብረቱ ያለበት ሂድ ተብሎ ክሱ ተመለሰለት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለበት ነው የሚከሰሰው። መቼስ ቤቱ ተነስቶ ሐረጎን አይወጣ።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። ሰውየው የት ነው የሚኖረው? ሥራው የት እንደሆነ ሳይሆን፣ የት ነው የሚኖረው?

የባቲ ሰኞ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፦ ባቲ አፋር አይደለችም! ሰኞ ሰኞ ግመል ልትገዙ ስትመጡ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ገበያ ውስጥ ስለሚታያችሁ ክልል የተሻገራችሁ ይመስላችኋል። ባቲ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው፣ ዞኑ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውየው የባቲ ሰው ከሆነ ዞን እንጂ ክልል አልለያችሁም። ጋሼ፣ ልክ ነኝ?

እህቴ፣ አንቺ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሽማግሌ ላኪበት። በእኛ በኩል ደም እንኳ በአበጋር፣ በአገር አስታራቂ፣ ይታረቃል፣ ፌሮ የማይታረቅበት ምን ምክንያት አለ። ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሰው ፊት "እከፍላለሁ" ያለ ሰው ቀኑን እየቆጠረ መሸሽ ይከብደዋል።

የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ

ልክ ነህ። ይህን ሳልጽፍ መቅረቴ ገረመኝ፤ እርጅና ነው። ብዙ ሰው ዞን ሲለይ ክልል የተለየ ይመስለዋል። የባቲ ነዋሪ ከሆነ ሁለቱም አንድ ክልል ናቸው፣ ጉዳዩ የክልል ነው። እሱ በሚኖርበት ልክሰሰው ብትል ባቲ ትወርዳለች፣ ዞኑ ከፍተኛም ከሚሴ ነው። ውሉ በተደረገበት ብትል ኮምቦልቻ ነው፣ ከፍተኛው ደግሞ ደሴ። ምርጫው የከሳሽ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ከሱቄ ርቄ ባቲ አልሄድም፣ ሰኞ ገበያ ካላማረኝ በቀር።

ሐሩር ኮምቦልቻ

ይቅርታ በእህታችን ጥያቄ መሐል ገባሁ። ወንድሜ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ያለ ማስጠንቀቂያ አሰናበቱት፣ የሁለት ወር ደመወዝም ቀርቶበታል። ጠቅላላው ብር ትንሽ ነው። እሱስ በብሩ ነው የሚከፋፈለው?

የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ

የሠራተኛ ጉዳይ በብር አይለካም። የግል የሥራ ክርክር የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፣ ለእናንተ ወረዳ ፍርድ ቤት ማለት ነው። የሠራተኞች የጋራ ክርክር ከሆነ ብቻ ነው ወደ አሠሪና ሠራተኛ ቦርድ የሚሄደው። ወንድምህ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ከሆነ ግን ቀን አታሳልፉ፣ ከተሰናበተ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። አዋጅ 1156/2011። ስንብቱ መቼ ነበር? ሰነፍ ሆኖ አራተኛ ወር ላይ የመጣ ልጅ አይቼ አልቅሻለሁ። ሌላ ጥያቄ ካለህ ለብቻው ክፈት፣ የእሷን አናጥፋባት።

ሐረጎ ላይ ጉም

ሰላም። ጥብቅና ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፣ ቢሮዬ ደሴ ነው። ጋሼ ያሉት መሠረቱ ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምርና በአንዱ ግን አልስማማም።

መጀመሪያ መኖሪያ የሚለውን። ሥራው ሚሌ፣ ቤተሰቡ ባቲ የሆነ ሰው በብዛት አለ፣ የጅቡቲ መንገድ ያመጣብን ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መልስ አለው። መደበኛ መኖሪያ ማለት አንድ ሰው በቋሚነት ልኑርበት ብሎ የኑሮውንና የጥቅሙን ዋና ማዕከል ያደረገበት ነው። ሥራው አንድ ቦታ፣ የቤተሰብና የማኅበራዊ ኑሮው ሌላ ቦታ ሆኖ ጥርጣሬ ከተፈጠረ የሚያደላው ቤተሰቡ ወዳለበት ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ሚስቱና ልጆቹ የት ናቸው? ዕድሩ የት ነው? የቀበሌ መታወቂያው የየት ነው? ሚሌ ያለው ነገር የሥራ ጣቢያ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ያለሽ ወረቀት ቁጥሩ የታወቀ ገንዘብና ፊርማ ስላለበት በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት መክሰስ ትችያለሽ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 ነው። በዚህ መንገድ ከሄድሽ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም፤ መጀመሪያ "ለመከላከል ይፈቀድልኝ" ብሎ ምክንያቱን በመሐላ ማስረዳት አለበት። ካልተፈቀደለት ፍርድ ይሰጣል። ጃንጥላው ሰውዬ ይህን አይነግርሽም፣ ሁለት ማመልከቻ ነዋ የሚያስከፍልሽ።

የማልስማማው ግን እዚህ ላይ ነው። መኖሪያው ጥርጣሬ ካለበት በቀጥታ ደሴ ዞን ከፍተኛ ብትከፍት ይሻላል ባይ ነኝ። ነገ ተከሳሹ "እኔ የሚሌ ነዋሪ ነኝ፣ ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም" ቢል ከፍተኛው ፍርድ ቤት የክልሉንም የፌዴራሉንም ስለሚያይ ከሁለት አንዱ ይይዛል። ጥንቃቄ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ

ወንድሜ፣ ስለ 284 እና ስለ መኖሪያው ያልከው ያስመሰግንሃል። ጥንቃቄ ያልከው ግን ጥንቃቄ አይደለም።

ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወረዳ ማየት ያለበትን ክስ "እኔ ትልቅ ነኝ" ብሎ አይቀበልም። ጉዳዩ የክልል ሆኖ ብሩ በወረዳው ጣሪያ ሥር ከሆነ ወደ ወረዳ ሂዱ ብሎ ይመልሰዋል፤ እሷ ሐረጎን በከንቱ ወጣች ማለት ነው። የፌዴራል ነው ብላ ከጻፈች ደግሞ የመኖሪያ ልዩነቱን ማሳየት ያለባት እሷ ናት። ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚያይ ክስ ሁለቱንም በር ይስታል። ባርኔጣው ሁለት ነው አልኩ እንጂ ሁለቱ በአንድ ጭንቅላት ይደረባሉ አላልኩም።

ወጣት ስለሆንክ ልንገርህ። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ጉዳዩን የትኛው ዓይነትና ደረጃ ፍርድ ቤት ያየዋል የሚለው፣ ከቦታ ሥልጣን ጋር እኩል አይደለም። ቦታው ቢሳሳት ተከሳሹ በመጀመሪያው መልሱ ላይ ካልተቃወመ አለፈ፣ ማንም አይነካውም። የሥረ ነገሩ ግን እንደ ምስጥ ነው። ማንም ባያነሳው ዳኛው ራሱ ያነሳዋል፣ በይግባኝም ይነሳል። ምስክር ተሰምቶ፣ ባለሙያ ሪፖርት አቅርቦ፣ ተፈርዶ፣ ይግባኝ ላይ "መጀመሪያውኑ ሥልጣን አልነበረም" ተብሎ ሁሉም ነገር እንደ ገለባ የሄደበት መዝገብ በገዛ እጄ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ወፍራም ነበር፣ በሁለት እጅ ነው የሚነሳው። ባለጉዳዩ ከከለላ ነው የሚመጣው። እና ለጥንቃቄ ተብሎ አይገመትም፣ ይጣራል እንጂ። ሰውየው የት እንደሚኖር ይጣራ።

(እኔ ስጀምር እኮ አውራጃ ፍርድ ቤት የሚባል ነበር፣ የቃሉ አውራጃ፣ የደሴ ዙሪያ አውራጃ። ከእኔ በፊት የነበሩት ደግሞ ስለ አጥቢያ ዳኛ ያወሩን ነበር፤ እስከ 25 ብር የሚፈርድ የሰፈር ዳኛ። ያኔም ሰው የሚመለሰው በብሩ ሳይሆን በማንነቱና በቦታው ነበር ይሉን ነበር።)

ሐረጎ ላይ ጉም

እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ምስጡ አሳመነኝ። አንድ ነገር ግን፣ ክሱ ላይ "ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው" የሚለው አንቀጽ በባዶው እንዳይጻፍ ንገሯት። ብዙ ማመልከቻ ላይ አንዲት መስመር ናት፣ ምንም አትልም። ውሉ የት እንደተደረገ፣ ክፍያው የት እንደሚፈጸም፣ የሁለቱም መኖሪያ፣ የጥያቄው ግምት፣ ሁሉም እዚያ ላይ በዝርዝር ይግባ። ሕጉም የሚጠይቀው ሥልጣኑን የሚያሳየውን ፍሬ ነገር ነው።

ቦርከና ዳር

አላህ ይስጣችሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ጋሼ፣ እርስዎንማ ሱቄ መጥተው አንድ ቡና ባጠጣዎት ደስ ይለኝ ነበር።

ሄጄ አጣራሁ። ሰኞ ዕለት ባቲ ወረድኩ፣ የባቲ ሰኞ እንዳትስቅብኝ፣ ግመል አልገዛሁም፣ ሁለት ኪሎ በርበሬ ብቻ ገዛሁ። ሚስቱ ባቲ ናት። ልጆቹ እዚያ ይማራሉ። የራሱ ቤት አለው፣ በሩ አረንጓዴ ነው፣ ያ በር ከእኔ ሱቅ የወጣ ላሜራ ነው፣ አወቅሁት! ውሉ ላይ ያስያያዝኩትን የመታወቂያ ኮፒ ቤት ገብቼ ሳየው እሱም የባቲ ነው፤ ዓይኔ ሥር ነበር። ሚሌ ያለችው ፕሮጀክቱ ካምፕ ውስጥ የተከራያት የቆርቆሮ ክፍል ናት፣ ሥራው ሲያልቅ ይለቃታል አሉኝ። ስለዚህ አንድ ክልል ነን።

እኔ ከባቲ ሳልመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል መሰለኝ፣ ማታ ደወለ። "ቤቴ ድረስ ለምን ሄድሽ፣ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ግማሹን በዚህ ወር፣ ግማሹን ሥራው ሲያልቅ" አለ። ሽማግሌውን ልቀበል? ክሱስ ይቅር?

የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ

ላሜራው ጥሩ ምስክር ነው፣ ግን አይመዘገብም።

ሽማግሌውን ተቀበይ። ክሱን ግን አትተዪ። እነዚህ አይጣሉም። ውል ስለሆነ የይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው፣ ጊዜ ረጅም ነው፣ ለዚያ አትጨነቂ፤ ግን "ሥራው ሲያልቅ" የሚል ቀን በካላንደር ላይ የለም። ከሽማግሌ ጋር ከተስማማችሁ ቀን የተቆረጠበት፣ ፊርማ ያለበት የእርቅ ውል ይጻፍ። ክሱ ተከፍቶ ከሆነ የታረቃችሁት ደግሞ እርቁን ችሎት ፊት አስመዝግቡት፣ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ያኔ ባይከፍልሽ አዲስ ክስ አትከፍቺም፣ አፈጻጸም ነው የምትጠይቂው።

መስኮቱ ጋ ስትሄጂ መጀመሪያ የወረዳውን ጣሪያ ጠይቂ። 640,000 ከሥር ከሆነ እዚያው ኮምቦልቻ፣ ከበለጠ ደሴ ዞን ከፍተኛ፤ ውሉ ኮምቦልቻ ስለተደረገ ከሚሴ አይመለከትሽም። ክሱን ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለተከሳሹ አንድ፣ ለራስሽ አንድ አድርጊ። ውሉ ኮፒው ይያያዛል፣ ዋናው ከእጅሽ አይውጣ፤ ችሎት ሲጠይቅ ታሳያለሽ። የዳኝነት ገንዘብ በምትጠይቂው ልክ ስለሚሰላ ጥሬ ብር ያዢ። አድራሻውን ስትጽፊ ደግሞ "ባቲ" ብቻ አትበዪ፤ ቀበሌውን፣ ስልኩን፣ አረንጓዴውን በርም ቢሆን ጻፊው፣ መጥሪያ የሚያደርሰው ሰው የሚንከራተተው እዚያ ላይ ነው።

ቦርከና ዳር

ጻፍኩ። አረንጓዴ በር፣ ከመስጂዱ ወደ ታች ሦስተኛው። ሱቄን ለልጄ ሰጥቼ ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ጋ እገኛለሁ፤ ሽማግሌው ዓርብ ይመጣል ተብሏል።